ሣር የጨበጠው ዘበኛ

ሐሙስ ጠዋት ስልኬን ስከፍት የፓርኪንግ ሠራተኞች ግሩፓችን ሻማ በሻማ ሆኗል። ሻማ፣ የተገጠሙ እጆች፣ የሚያለቅስ ቢጫ ፊት፣ እንደገና ሻማ። የለጠፈው አለቃችን ሰሎሞን ነው፤ የሟቹን ስም ከነአባቱ አስፍሮ፣ ፎቶውን ከላይ ሰቅሎ። ከሥሩ ሰዉ ይሽቀዳደማል። «ነፍስ ይማር!» «ምን የመሰለ ወርቅ ሰው!» «ወንድማችን!» ወንድማችን? «ረጅሙ እብድ» ሲሉት አልነበረም እንዴ? የተባረረ ቀን አንዳቸው እንኳ ትንፍሽ ብለው ነበር? ስልክ ላይ ሻማ መለጠፍ ምን ይከብዳል፤ ሰሙ አያንጠባጥብ፣ ጣት አያቃጥል። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ወደ ሥራዬ ነዳሁ።

ስሙን እኔ አልጽፈውም። ሰውዬው ማሳይ ነበር፤ ከኬንያና ከታንዛኒያ ድንበር አካባቢ፣ ከብት አርቢዎቹ ዘንድ የተወለደ። በእነሱ ወግ የሞተ ሰው ስሙ አይጠራም። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሰሎሞን አያውቅም፣ ጠይቆት አያውቅማ! ስለዚህ እኛ ሐበሾቹ ባወጣንለት ስም፣ ለማ እያልኩ እቀጥላለሁ። ለማ መባልን አይወድም ነበር። «ለማ ማን ነው? እኔ ለማ አይደለሁም» ይል ነበር በየቀኑ። እንግዲህ ይቻለው።

እንደ ግሩፑ ሰዎች ላሞካሸው የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ። አልወደውም ነበር፤ እሱም አይወደኝም ነበር። ዳላስ መሀል ከተማ፣ የአንድ ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ ፓርኪንግ ውስጥ አብረን ስንሠራ ሳንጣላ የዋልንበትን ቀን አላስታውስም። እኔ በሩ ላይ ባለችው የመስታወት ቤት፣ ቡዝ በምንላት ውስጥ ተቀምጬ ጌቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እሱ ከፊቴ ቆሞ መኪኖቹን ወደ ቦታቸው ይመራል። ቢመራ ደግ ነበር። እሱ ግን መኪና አይመራም፣ ያግዳል። በአፉ ያፏጫል፣ ክንዱን ዘርግቶ ከፊታቸው ይቆማል፣ ሲያልፉ ደግሞ የሰውን ውድ መኪና ጀርባውን በመዳፉ ቸብ አድርጎ ይሸኛል። ባለመኪናዎቹ መስታወት አውርደው ሲጮኹ የሚሰማው ማን ነው? እኔው ነኛ።

ቁመቱ ቡዜን ያህላል። የጆሮው ጫፍ እንደ ወጉ ተበስቶና ተለጥጦ እስከ አንገቱ ይደርሳል፤ ሥራ ላይ ሲሆን ቆብ ስለሚያስቸግረው አጥፎ ከላይኛው ጆሮው ላይ ያንጠለጥለዋል። ሲናደድ ግን ቆቡን አውልቆ ሁለቱንም ወደ ታች ይለቃቸዋል። ያኔ ማንም አጠገቡ አይደርስም። እኔ ብቻ እደርስ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ያስለቀቅሁትም እኔ ስለሆንኩ።

አማርኛ ይችል ነበር። ዲቪ ደርሶት ከመምጣቱ በፊት ናይሮቢ ውስጥ የአንድ ሐበሻ ምግብ ቤት ዘበኛ ነበር፤ ቋንቋውን የተማረው በር ላይ ቆሞ ነው። የሚያውቀውም የበር አማርኛ ብቻ ነው። ክፈት፣ ዝጋ፣ ማን ነህ፣ ነገ ና። አንቱ የሚባል ነገር በዚያ በር አላለፈም። እኔን፣ እናቱ ልሆን የምችለውን ሴት፣ ውዴ የሚል ስም እያለኝ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንቺ ሴትዮ» ነው የሚለኝ።

በዚያው በመጀመሪያው ሳምንት ወደ መስኮቴ ጎንበስ አለና «አንቺ ሴትዮ፣ አባትሽ ስንት ከብት አለው?» አለኝ።

«አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ቢሮ የሚውል» አልኩት ኮራ ብዬ።

«ከብት የለም?»

«የለም።»

«አያትሽስ?»

«አያቴም የለውም! ምን ፈለግህ?»

ትክ ብሎ አየኝና እንደ ለቀስተኛ ቆቡን አወለቀ። «አይዞሽ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። በማግስቱ ጭራሽ አንድ ትልቅ ጋሎን ወተት ተሸክሞ መጥቶ መስኮቴ ላይ አስቀመጠልኝ። ምንድን ነው ስለው፣ እነሱ ዘንድ ከብት የሌለው ሰው ዝም ተብሎ እንደማይተው አስረዳኝ። መጀመሪያ ወተት ይላክለታል፤ ዘመድ ከተስማማ ደግሞ ጊደር ይሰጠዋል፣ በእሷ መንጋውን ይጀምራል። ምንም ያልተሰጠው፣ ዘመድ የከዳው፣ ጦም የሚያድረው ብቻ ነው ጦር ይዞ ጫካ የሚገባው። «አደን የድሃ ነው» አለኝ። «ከብት ያለው ሰው አውሬ አይገድልም። አውሬ የራሱ ነው፣ የእግዜር ከብት ነው። ከብት የሌለው ግን ምን ያድርግ? ያድናል። ያሳዝናል።» ወተቱን ልደፋው አስቤ ነበር፤ ግን ጡር ነው። ቤት ወስጄ እየተሳደብኩ እርጎ አደረግሁት።

ልጆቹም አይተዉትም ነበር። ጌትነት የሚባል ቀልደኛ ባልደረባችን ባየው ቁጥር «ለማ፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ይለዋል። ለማ ግን ቀልድ አይገባውም፤ ወይም ገብቶት ይንቀዋል። «በሰማይ አይደለም» ይላል ፊቱን ቅጭም አድርጎ። «ወንድሜ ጋ ነው።»

ከአዳራሹ ጀርባ ሣር የለበሰ ባዶ ቦታ ነበር። ትልቅ ዝግጅት ሲኖርና አስፋልቱ ሲሞላ የተረፈውን መኪና እዚያ ነው የምንደፋው። ለማ ያንን ሣር ለሁለት ከፈለው። በብርቱካንማ ኮኖች ዙሪያውን አጥሮ አንዱን ወገን «ዝግ ነው» አለ። እስከ መቼ? «ዝናብ እስኪመጣ።» ማን አዘዘህ? «ሣሩ።» ሰሎሞን መጥቶ ይጮኻል፣ ኮኖቹን ያነሣል፤ ሰሎሞን ዞር ሲል ለማ ይመልሳቸዋል። እኔም ጮኼበታለሁ፤ ቦታ ሲጠብ መኪኖቹ የሚደረደሩት እኔ ጌት ላይ ነዋ። ደንበኛው የሚሰድበው እኔን ነው። እሱ ግን በነሐሴ ሙቀት ያንን የተዘጋ ሣር ዳር ይዞ እንደ ርስቱ ይጠብቀዋል። እነሱ አገር ሽማግሌዎች ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ከመንደር አጠገብ እንዲህ ያለ መስክ ይዘጋሉ አለኝ፤ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ መንደሩን የሚያድነው እሱ ነው።

አንድ ቀን እኔም ሆን ብዬ ነካሁት። ቴሌቪዥን ላይ ያየሁት ነገር ነበር። «እነዚያ አራዊት እኮ የዓለም ሀብት ናቸው» አልኩት። «የእናንተ ከብት ሣራቸውን ሲጨርስ መንግሥት ዝም ብሎ ይይ?»

ቆቡ ወለቀ፤ ጆሮዎቹ ወረዱ።

«አንቺ ሴትዮ። አዲስ አበባ ዝሆን አለ?»

«አዲስ አበባ ምን ሊሠራ?»

«ዳላስስ አለ?»

«የለም።»

«እኛ ጋ አለ። ዝሆን አለ፣ አንበሳ አለ፣ የሜዳ አህያ አለ። እናንተ ሁላችሁ ጨረሳችሁ። እኛ ጋ ለምን አለ? እኛ እዚያ ስለሌለን ነው? እኛ ስላለን ነው!»

ከዚያ በተሰባበረ አማርኛው ያወረደው ውርጅብኝ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በተዘጋው የጥጃ መስክ የሜዳ አህያም አጋዘንም ይወልዱበታል፤ ጅብ ሰው ይፈራል፣ እነሱ ከሰው አጠገብ ይጠጋሉ። የእናቱ መንደር ምንጭ አጠገብ ካለው ትልቅ ሾላ ቅርንጫፍ የቆረጠ ሰው ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ይቀጣል። ይህን ሁሉ ያቆየው ፓርክ አይደለም፣ ሽማግሌ ነው። አሁን ግን ከተማ የሚኖሩ ሰዎች መጥተው ሜዳው መሀል የድንበር ድንጋይ ተክለዋል፤ ከብት አራዊትን ያጠፋል፣ ልቀቁ ይላሉ። እናቱንም ጎጆሽን አፍርሺ ብለዋታል። «ከብት ያስወጣሉ፣ ጠመንጃ ያስገባሉ» አለኝ። «ቦታው ለአደን ይሸጣል። ይሄ ነው መጠበቅ? እኔ ዘበኛ ነኝ። መጠበቅ አውቃለሁ። ይሄ መጠበቅ አይደለም።»

እኔ ያደግኩበትን ሰፈር ያፈረሱትም መጀመሪያ አጥሩ ላይ ቀይ ምልክት ቀብተው ነው፤ ያኔም ለእናንተው ጥቅም ነው ብለውናል። ይህን ግን አልነገርኩትም። ለምን ብዬ? ደግሞ «አይዞሽ» ሊለኝ?

ክረምት ላይ የአዳኞች ማኅበር የምሳ ግብዣ አዳራሹን ተከራየ። በየዓመቱ ይመጣሉ፤ ሥጋቸው ወጥቶ ቆዳቸው የተሞላ አራዊት በጭነት መኪና እያስገቡ ይደረድራሉ፣ አፍሪካ ሄዶ የማደን ዕድል በሐራጅ ይሸጣሉ። ሰሎሞን እየሮጠ ወደ ለማ መጣ።

«ለማ፣ ሊስን፣ ማለቴ፣ አሪፍ ኦፖርቹኒቲ ነው። ሰዎቹ ሪል ማሳይ እዚህ እንደሚሠራ ሲሰሙ አበዱ ነው የምልህ። ቀዩን ልብስህን ለብሰህ፣ ዱላህን ይዘህ በሩ ላይ ትቆማለህ። ፎቶ ይነሣሉ፣ ዛትስ ኢት። ሶ፣ እዚህ ብርድ ላይ ከመንገላታት አይሻልም?»

ጆሮዎቹ እስኪወርዱ ጠበቅሁ። ለማ ግን ቆቡን ሳያወልቅ «እሺ» አለ።

ይህን አልጠበቅኩም። ሰሎሞን ሲሄድ ከቡዜ ወጥቼ አፈጠጥኩበት። «አንተ ኩሩ ባለከብት! ከተሞላ ሰጎን ጎን ቆመህ ፎቶ ልትነሣላቸው?»

«አንቺ ሴትዮ» አለኝ፤ «ዘበኛ በር ላይ ካልቆመ ማን እንደሚገባ አያይም።»

በግብዣው ዕለት እኔን ከቡዝ አውጥተው አዳራሹ በር ውስጥ፣ የፓርኪንግ ቲኬት የሚመታበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ፤ ስለዚህ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ለማ ቀይ ኩታውን ደርቦ፣ ጆሮዎቹን ለቆ በሩ ላይ ቆሟል። ሴቶቹ እየተጠጉ ይነሣሉ፤ አንዷ ጆሮውን በጣቷ ነካችው። እኔ ተቃጠልኩ፤ እሱ ንቅንቅ አላለም። የሚገባውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ነበር የሚያየው።

ምሳው መሀል ላይ አንድ ሰው ማይክ ይዞ፣ እኛ አዳኞች ባንኖር አፍሪካ ውስጥ አንበሳ የሚባል አይቀርም ነበር፣ አራዊቱን ያቆየን እኛ ነን እያለ ተናገረ። ተጨበጨበ። ከዚያ ሐራጁ ተጀመረ። ትልቁ ስክሪን ላይ የአደን ቦታ ካርታ፣ ቀጥሎም ፎቶ መጣ፤ ሜዳ፣ ምንጭ፣ ከምንጩ አጠገብ ትልቅ ሾላ። ለማ ከቆመበት አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። ያን ዛፍ ስልኩ ላይ መዓት ጊዜ አሳይቶኛል፤ ከሥሩ እናቱ ተቀምጣ።

ሐራጁን ያሸነፈው ዌይን ነው። ዌይን በአቅራቢያችን ቢሮ ያለው፣ በየጠዋቱ ነጭ ፒካፑን እኛ ጋ የሚያቆም የወር ደንበኛ ነው። ባርኔጣው ትልቅ፣ ድምፁ ትልቅ፣ እኔን ሃምሳን የተሻገርኩትን ሴት «ያንግ ሌዲ» የሚል ጨዋ ሰው። እጁን ሲያነሣ ሰዉ በጭብጨባ ተቀበለው። ዞር ብዬ በሩን ሳይ ለማ የለም። ሄደ፣ አልቻለም አልኩ።

አልሄደም። ከጀርባው በር ወጥቶ ኖሯል። ሲመለስ ቀኝ እጁን ጨብጧል፤ ከጣቶቹ መሀል ሣር ብቅ ብሏል። ያንን በኮን አጥሮ የጠበቀውን ሣር ነበር ነጭቶ የመጣው። በጠረጴዛዎቹ መሀል አልፎ ዌይን ፊት ቆመ። ሰዉ የዝግጅቱ አካል መስሎት ስልኩን አወጣ።

«በየዓመቱ ለአደን እንደምትሄድ ሰማሁ» አለው በእንግሊዝኛ፤ እንግሊዝኛው ከአማርኛው ይሻላል። «ከብት እንደሌለህ አላወቅንም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ። ከብት ያለው ሰው አያድንም። እናቴ ጊደር ትሰጥሃለች። ውሰዳት፣ መንጋ ጀምርባት። ከእንግዲህ እኛ ጋ አትደን።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሰዉ ስድብ መሰለው፤ እኔ ግን ያን ጋሎን ወተት አይቻለሁ። ከልቡ ነበር። ዌይን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «የእኔ ልጅ» አለ ጮክ ብሎ ሁሉም እንዲሰማ፤ «እኔ እኮ እርሻ አለኝ። ከብቶቼን ቆጥሬ አልዘልቃቸውም።»

ለማ ግራ ገባው። እውነት ግራ ገባው። «ከብት አለህ?»

«በሺህ!»

«ታዲያ ለምን ትገድላለህ?»

ሳቁ ቆመ። ዌይን ወዳጆቹን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ በሰው ፊት መሸነፍ የማያውቅ ሰው ነው። ሳቅ አለና ሣሩን ከለማ እጅ ተቀበለ፣ ባርኔጣው መቀነት ውስጥ ሻጠው፣ እጁን ዘርግቶ «ዲል!» አለ። ተጨባበጡ። ቤቱ በፉጨትና በጭብጨባ ተቀላቀለ። ዌይን ምሳውን እስኪጨርስ ሣሩን እንደሻጠ ዋለ።

ውጭ ሳገኘው ለማ ፊቱ በርቶ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ተቀበለ» አለኝ።

«ቀለደብህ እንጂ ምን ተቀበለ!»

«ሣሩን ተቀበለ። ሁሉም አየ። አንቺም አየሽ።»

እነሱ ዘንድ ሣር ዕርቅ ነው። ሁለት ሰው ጦር ሲማዘዝ አንዱ ሣር ከጨበጠ የሌላው እጅ ይወርዳል። ሣሩን የተቀበለ ደግሞ ወደ ኋላ አይልም፤ ቢል ከሰው ተራ ይወጣል። ጊደር የሰጠና የተቀበለ ሰውም ከዚያ ወዲያ በስም አይጠራሩም፣ ሁለቱም «ጊደሬ» ነው የሚባባሉት። ለማ እዚያው ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሞ እናቱ ጋ ደወለ። አማካሪ አልጠየቀም፣ ጠበቃ አልጠየቀም። አሜሪካ ውስጥ አምስት መቶ ሰው ፊት የተጨባበጠ ሰው ቀልዶ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በጭንቅላቱ አልዞረም። እንዲህ ያለ ሞኝነት ያናድደኛል። አሁንም ያናድደኛል።

በሳምንቱ ተባረረ። «ኮምፕሌይን መጣ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ኦኬ?» አለ ሰሎሞን።

«ነገ በር ላይ ቁም ቢሉህ አንተም ነጠላ አጣፍተህ ትቆምላቸዋለህ» አልኩት። አንድ ሳምንት አላናገረኝም፤ ዕረፍት አገኘሁ። ሌሎቹ ዝም አሉ። ጌትነት እንኳ ቀልድ አጣ። በጸደይ ደግሞ ያንን የተጠበቀ ሣር ገልብጠው አስፋልት አለበሱት።

ለማ ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ሌዊስቪል ካሉት መጋዘኖች ባንዱ ሥራ አገኘ። ተገላገልኩት ስል ስልኬ ላይ ፎቶ ይልክ ጀመር፤ ዳማ ጊደር፣ ግንባረ ቦቃ፣ ጆሮዋ ላይ አዲስ ምልክት። «ለጊደሬ አሳዪ» ይላል። እኔ የማንም ፖስተኛ አይደለሁም ብዬ መለስኩለት፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ዌይን መስታወቱን ሲያወርድ አሳየሁት። ወደደው! ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ያንግ ሌዲ! ላሜ እንዴት ናት?» ማለት ልማዱ ሆነ። ደህና ናት እላለሁ። አደገች፣ ከበደች እላለሁ። ለማ ይህን ስነግረው ደስ ይለዋል። «ስለ ከብቱ ጠየቀ? ጥሩ ሰው ነው» ይለኛል።

በበጋ ዌይን ለጥቂት ሳምንታት ጠፋ። ሲመጣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጧል። ስልኩን በመስኮቴ አስገብቶ ፎቶ አሳየኝ፤ ከሞተ ጎሽ ጀርባ ተንበርክኮ ይስቃል። ከኋላው ያ ሾላ ቆሟል።

«ጊደሯን ተቀብለህ የለም ወይ?» አልኩት።

«ውይ፣ ሃኒ» አለኝ ከልቡ ተገርሞ። «እሱ እኮ ለጨዋታ ነበር።»

ያን ቀን ለማ ጋ የደወልኩት እኔ ነኝ። ነገርኩት። ጆሮዎቹን ሲያወርዳቸው የታየኝ ያህል ነበር። ስድብ ጠበቅሁ። ያለው ግን «እኔ ልሂድ» ብቻ ነው። ትኬት ቆርጦ አገሩ ገባ። ከደረሰ በኋላ እነዚያ የከተማ ሰዎች ጎጆ ሲያፈርሱ ሴቶቹ መልሰው እንደሚሠሩ፣ እሱም ከሽማግሌዎቹ ጋር ከቢሮ ቢሮ እንደሚዞር አልፎ አልፎ በድምፅ መልእክት ይነግረኝ ነበር። ዘመድ ስለሆንኩ አይመስለኝም፤ ዌይንን በየጠዋቱ የማየው እኔ ስለሆንኩ ነው።

አንድ ቀን ድምፁ ተለወጠ። የቦታው ጠባቂዎች መንጋውን ክልል ጥሳችኋል ብለው ነድተው ወስደው አጥር ውስጥ አጉረውታል። የእናቱን፣ የወንድሙን፣ የጎረቤቱን፣ ሁሉንም። «የጊደሬም አለች» አለኝ፤ «ወልዳለች፣ ጥጃዋም አለ። አንቺ ሴትዮ፣ ንገሪው። ይደውል። ከብቷ የእኔ ናት ይበል። የእኔን ቃል አይሰሙም። የእሱን ይሰማሉ። አንዷን ከከፈቱ ሌላውን መዝጋት ይከብዳል። እኔ በሩ ላይ ነኝ።»

በማግስቱ ለዌይን ነገርኩት። ጌቱን ሳልከፍት አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። እዚያ ሰዎች አውቃለሁ፣ ደውዬ አያለሁ አለኝ። «አያለሁ» በዚህ አገር አላይም ማለት እንደሆነ ለማ አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። በነጋታው ጠየቅሁት፤ «ስብሰባ ላይ ነበርኩ።» በሌላው ቀን ጠየቅሁት፤ «ሰኞ።» ሰኞ መስታወቱን ሳያወርድ ካርዱን ብቻ አሳይቶ አለፈ። ከዚያ ደግሞ ነገሩ ተረሳ መሰለው፤ መስታወቱን እንደ ድሮው ማውረድ ጀመረ። ለማ በየማታው ያችኑ አንዲት ቃል ይልካል። «ደወለ?» አልደወለም ብዬ እመልሳለሁ። «ሣሩን ተቀብሏል» ይላል። እዚያ ዝናብ ገብቶ ነበር።

ረቡዕ ወንድሙ ደወለልኝና የሆነውን ነገረኝ። ከአጥሩ በር አልነሣም ብሎ በዝናብ ሲያድር ሳንባውን ታመመ፤ ሐኪም ቤት ይዘውት ሲሄዱ መንገድ ላይ አረፈ። በሞተ ማግስት ከብቶቹ በሐራጅ ተሸጡ። ለሰሎሞን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሻማውን ያመጣብን የእኔው አፍ ነው። ሙሉ ዕድሜውን ዘበኛ ነበር፤ መጨረሻም ከተዘጋ በር ውጭ ቆሞ የራሱን ከብት ሲጠብቅ ሞተ። ይህንን ሳስብ አላለቅስም። ሰው መማታት ነው የሚያምረኝ።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት፣ ያንን የሻማ መዓት አይቼ ቡዜ ውስጥ ገና ቁጭ እንዳልኩ ነጩ ፒካፕ መጣ። መስታወቱ ወረደ።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ያንግ ሌዲ! ላሜ እንዴት ናት?»

«ተሸጠች» አልኩት።

ግንባሩ ተቋጠረ። የከብት ጌታ ፊት ያኔ ነው ያየሁበት፤ ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም። «ማን ነው የሸጣት? እኔን ሳይጠይቅ?»

«ባለቤቷ አልቀረበም አሉ።»

«ረጅሙ ሰውዬስ የት ሄዶ ነው?»

«ስልክህን ሲጠብቅ ሞተ።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ደንግጧል፤ አልዋሽበትም። በጣም አዝናለሁ አለ፣ ደግ ሰው ነበር አለ፣ ላደርገው የምችለው ነገር ካለ ንገሪኝ አለ። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው። መቀነቱን አየሁት፤ ባዶ ነው።

«አለ» አልኩት። «ሣሩን መልስ።»

«የቱን ሣር?»

እጄን በመስኮቱ አውጥቼ ከፊቱ ዘረጋሁ። ከኋላው መኪኖች ጥሩምባ መንፋት ጀመሩ። ሰሎሞን ከአዲሱ አስፋልት ላይ እጁን እያወናጨፈ፣ «ውዴ፣ ኦፕን ኢት! ምን ሆነሻል?» እያለ ይሮጣል። ጌቱን አልከፈትኩም።